በሩን የከፈተው ቅጂ

በ2071 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ታሪክ ማውራት ከመጀመራቸው በፊት የሚጠያየቁት «ታማኙን ነው ያየኸው ልቁን?» ብለው ነው። ይህን ሳያጣራ ወሬ የጀመረ ሰው ጉዱ ይፈላል። ባለፈው ዓመት እኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ውስጥ ሁለት ጎልማሶች ተናነቁ፤ አንዱ ሞተ ያለውን የፊልም ሰው ሌላው አግብቶ ወልዷል ብሎ። ለቀስተኛው ሁሉ ለቅሶውን ትቶ ገላጋይ ሆነ። የእኔ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይበዛ ነው።

ዘርጋው እባላለሁ፤ አመሳካሪ ነኝ። ከመጽሐፍ የተሠራ ፊልም ሲመጣልኝ ከመጽሐፉ ጋር ነጥብ በነጥብ አስተያይቼ «ታማኝ» ወይም «ልቅ» የሚል ማኅተም እመታበታለሁ። ታማኝ የተባለው ይቀመጣል። ልቅ የተባለው ዘጠና ቀን ይታይና ይዘጋል። ዕድሜው ከሰባ አምስት ያለፈ ሰው ቤት ደግሞ ፊልም የሚታይበት ግድግዳ የሚያሳየው ታማኙን ብቻ ነው፤ አዛውንቶች ግራ እንዳይገባቸው ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ማኅተሜ አንድም ቀን ተመልሶብኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ሚያዝያ ላይ «ሁለቴ የጠራችው» መጣልኝ፤ ያውም ሁለት ፊልም ባንድ ጊዜ ተሠርቶለት። ይህን አስፈሪ ልቦለድ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ልንገራችሁ። ቦታው ደብረ ሲና ነው። እዚያ ጉም በጠራራ ቀን ይወርዳል፤ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። በታሪኩ ውስጥ አሮጊቶቹ ለሙሽሮቹ የሚነግሩት አንድ ነገር አለ፦ በጉም ውስጥ ከደጅ ብትጠሪ እስከ ሦስተኛው ድረስ አፍሽን እንዳትከፍቺ፣ በርሽንም እንዳትከፍቺ፤ ሰው ሦስቴ ይጣራል፣ ያኛው ግን ከሁለት በላይ አይሆንለትም። «ያኛው» ማን እንደሆነ አይነገርም። ታዲያ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ወንፊት እንድታመጣ ጎረቤት ትልካታለች። ጉሙ ይወርዳል። ከደጅ «እማዬ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «እማዬ!» ይላል። ከዚያ ዝም።

መጨረሻውንም አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ። እናትየዋ የበሩን መቀርቀሪያ ይዛ ሦስተኛውን ትጠብቃለች። አይመጣም። ነጠላዋን ነክሳ ታለቅሳለች፤ ግን አትከፍትም። ጉሙ ሲገፈፍ በሩን ብትከፍተው ጭቃው ላይ አንድም የእግር ዱካ የለም። ልጇ ለካ እዚያው ጎረቤት ናት፤ እናት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እስክትመጣ ትጠብቃታለች። ገጽ 203። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ነው ያነበብኩት። ገጹ በስተቀኝ ነበር፣ ጥጉ ላይ የዘይት ጠብታ ነበረበት። ዓይኔን ስጨፍን ዛሬም ይታየኛል።

ታማኝ ነኝ ብሎ የተመዘገበው ፊልም ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል። ምን ልበላችሁ፣ ሠሪዎቹ ተጨንቀውበታል። የበሩ እንጨት ወይራ ነው ተብሎ ተጽፏልና ወይራ አስፈልገው አምጥተዋል። እናትየዋ ግራ ጉንጯን ማርያም የሳመቻት ናት፤ ተዋናይቷም እዚያው ቦታ ላይ ምልክቱ አላት። ጉሙ የደብረ ሲና ጉም ነው። ለመጽሐፉ ካወጣሁት 412 ነጥብ 409ኙን አሟላ። የጎደሉት የወንፊቱ ቀለም፣ የአንዲት ፍየል ጆሮና አንድ «እንዴ» የሚል ቃል ናቸው። የፍየሏ ጆሮ እስካሁን ያናድደኛል።

ሌላኛው ልቅ ነው። ደብረ ሲና የሚባል ነገር የለም፤ ታሪኩን አዲስ አበባ አምጥተው ኮንዶሚኒየም አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ሰቅለውታል። ጉሙ አቧራ ሆኗል። ልጅቷ የወጣችው ወንፊት ልታመጣ ሳይሆን ቻርጀር ልትዋስ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ «እማዬ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከደረጃው ነው። ፍየሏ ጭራሽ ተረስታለች። ከ412 ሠላሳ አንድ! ከሁሉ የባሰው ደግሞ በሁለተኛው ጥሪ ላይ እናትየዋ በሩን ብርግድ አድርጋ ትከፍተዋለች። ልጅቷ ትገባለች። «ራበኝ» ትላለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም የሚያስፈራ ነገር አይታይም። ልጅቷ ትበላለች፣ ትማራለች፣ ታድጋለች። እናትየዋ ግን ታያታለች። ድሮ ሽንኩርት ትወድ ነበር? በየትኛው እጇ ነበር የምትጽፈው? እንዲህ ስትስቅ ጥርሷን ትሸፍን ነበር? ያስገባቻት ልጇ ትሁን ያኛው ሳታውቅ ሠላሳ ዓመት ትኖራለች፤ ፊልሙም ሳይነግረን ያልቃል። ሻዬን ሳልቀምሰው በረደ። ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው፤ «ልቅ» የሚለውን ማኅተም አነሳሁ።

«ጋሼ፣ አንዲት ሴትዮ በር ላይ አለች። አልሄድም ብላለች» አለኝ አለቃዬ መንክር። አለቃዬ ስል ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ልጄ ይሆናል። ጨዋ ነው፣ ጋሼ ሳይል ጠርቶኝ አያውቅም፤ ግን ፋይል ሲያድርበት ያተኩሰዋል።

ሴትዮዋ እኩያዬ ናት፤ ስድሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት። ወንበር ብሰጣት ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ስንዱ እባላለሁ። የወይዘሮ አስካለ ልጅ ነኝ፤ የደራሲዋ።»

«እንደምን ነዎት? እናትዎ ደኅና ናቸው?»

«'አንቺ' በለኝ፣ እኩዮች ነን። ያቺ ልጅ ነኝ።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ወንፊት ልታመጣ የተላከችዋ ነኛ!»

ግራ ገባኝ። «ልቦለድ መሰለኝ» አልኳት።

«ልቦለድ ነው። ወንፊቱ ግን የእውነት ነው» አለች።

ከዚያ የመጣችበትን ነገረችኝ። እናቷ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ የማስታወስ ችሎታቸው እየከዳቸው ነው። ሐኪም የራሳቸውን ሥራ እንዲያዩ አዟል። ታማኝ ነኝ ያለው ፊልም እኔ ጋ ሳይደርስ ገና ሲመዘገብ ጀምሮ፣ ማኅተም እስኪያገኝ በጊዜያዊ ፈቃድ ይታያልና፣ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ግድግዳው ያንን ያሳያቸዋል።

«ሲያልቅ ወንበሯን ወደ በሩ ታዞራለች» አለች ስንዱ። «'ልጄ ጎረቤት ናት፤ ጉሙ ሲገፈፍ ትመጣለች' ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ! ገላዋን የማጥባት እኔ፣ የማጎርሳት እኔ። ትናንትና ምን አለችኝ? 'አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ከጨረስሽ ወደ ቤትሽ አትሄጂም? እናትሽ አታስብም?' አለችኝ። በሞቴ፣ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»

የሻዩን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋሁላት። 

«እማዬ በሩን ከፍታልኛለች» አለች። «መጽሐፉም ላይ ትከፍታለች። ልቅ የምትሉትን ጎረቤት አይቼዋለሁ፤ እውነቱን የያዘው እሱ ነው። ታማኝ በሉትና ቤታችን ይምጣ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እናቴ ታውቀኝ።» ይህን ብላ ፌስታሉን ፈታችው። ወረቀት ነው። የታተመ፣ የተጠረዘ፣ የተቦጫጨቀ መጽሐፍ።

«ስንዱ፣ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም እኮ» አልኳት። «አይታረምም።» እውነቴን ነው። በእኛ ደንብ መጽሐፍ ማለት የአገሩ መጻሕፍት ሁሉ በዲጂታል በተቀመጡበት ማኅደር ላይ ያለው ነው። ማኅደሩን አንባቢ ስህተት አለበት ባለ ቁጥር ያሳርመዋል፤ አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲታረም የኖረ ነው። ወረቀት ግን አንዴ ያለውን ይዞ ቀርቷል፤ በዚህ ምክንያት ጊዜው ያለፈበት ነው ይባላል። ይህን ለስንት ሰው አስረድቻለሁ መሰላችሁ። የዚያን ቀን ግን ከአፌ ሲወጣ ለራሴ ቀፈፈኝ።

«አንብበውና ጣለው» አለችና ትታው ሄደች።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። መጽሐፉ 188 ገጽ ነው። ገጽ 203 የለውም። ተቀዶ እንዳይሆን መጨረሻውን አየሁ፤ «ተፈጸመ» ይላል፣ ከጀርባው የማተሚያ ቤቱ አድራሻ አለ። ገጽ 131 ላይ እናትየዋ በሩን ትከፍታለች። ልጅቷ ትገባለች፣ «ራበኝ» ትላለች። ከዚያ እስከ 188 ድረስ እናትየዋ ታያታለች። መጨረሻው ላይ እናትየዋ አርጅታ፣ ልጅቷ ወጥ ስታወጣላት እጇን ታያለች፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። ሁለቴ አነበብኩት።  ያ ገጽ፣ ያ ዘይት የነካው ጥግ፣ የት ነው ያለው? ማን ነው ያነበበው?

በማግሥቱ ደብረ ሲና ደውዬ ስለ ገጽ 203 ጠየቅኳት።

«ያ የተራኪው ነዋ!» አለችኝ ስንዱ። «እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ይተረክ ነበር፤ ትዝ አይልህም? ተራኪው ሁለተኛውን ጥሪ ያነበበ ሳምንት እናቶች እየደወሉ አለቀሱ። ልጆቻቸው ደጅ ቆመው ሲጣሩ ሦስተኛውን የሚጠብቁ ሴቶች ተገኙ አሉ። ሰውዬው ፈራ። እማዬን 'እባክሽ የቀረውን ልተወው፤ በሰላም ልጨርሰው' ብሎ ለመናት። ደክሟት ነበር፣ እንዳሻህ አለችው። ከ131 ጀምሮ ያለውን አላነበበውም። ዱካ የሌለበትን ጭቃ ከራሱ ፈጠረው።»

ስልኩን ዘጋሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ እሑድ እሑድ ከሰዓት አጎቴ ጋራዥ እውል ነበር። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ነበር። ዘይቱ የመጽሐፍ ዘይት አልነበረም፤ የጋራዥ ዘይት ነው። ሰምቼው ነው እንጂ አንብቤው አላውቅም። ገጹን ደግሞ ከማኅደሩ ወስጄዋለሁ፤ ማኅደሩ 203 ገጽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ከፊልም ሳመሳክር የኖርኩ ሰውዬ፣ የሰማሁትን ያነበብኩ መስሎኝ እምል ነበር። አገር ሙሉ እንደኔ ነው። ያን ታሪክ ጆሮው ሰምቶት፣ ዓይኑ አነበብኩ ብሎ፣ ማኅደሩን «ስህተት አለበት» እያለ ወደ ሬዲዮው አሳርሞታል። ሳቄም መጣ፣ ብርድም ብርድ አለኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የዞረብኝ። ታማኙ ፊልም በሩን ከወይራ ሠርቶ አልከፈተውም። ልቁ በሩን ከላሜራ ሠርቶ ከፈተው። አንደኛው የመጽሐፉን ዕቃ ሁሉ ይዟል፤ ሌላኛው ዕቃውን በሙሉ ጥሎ መጽሐፉን ይዟል። እንዲህ ላለው ነገር ቅጻችን ላይ ቦታ የለም።

የአስታዋሾች ቀን ደረሰ። በደንቡ መሠረት መጽሐፉን ያነበቡ ሦስት ሰዎች ቀርበው የሚያስታውሱትን ይናገራሉ። አንደኛዋ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። «በዓይኔ በብረቱ ነው ያነበብኩት» አለች፤ «አትከፍትም። ገጽ 203።» ሁለተኛው ፀጉር አስተካካይ ነው። እሱም ማለ፤ እሱም 203 አለ። ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው። እኔም አንድ ወር ቀደም ብሎ ብጠየቅ ከእነሱ ጋር እምል ነበር።

ሦስተኛዋ አስታዋሽ ደራሲዋ ራሳቸው ናቸው። ግድግዳው ላይ ከደብረ ሲና መጡ። ቀጭን ናቸው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው አስረዋል። ከኋላቸው ስንዱ ሳህን ይዛ ቆማለች።

«እትዬ አስካለ» አልኩ፣ «በመጽሐፍዎ ውስጥ እናትየዋ በሩን ትከፍታለች?»

«የቷ እናት?»

«የመጽሐፉ።»

«እኔ አልከፈትኩም» አሉ። «ሁለቴ ነው የጠራችኝ። ሁለቴ ብቻ! እንዴት ብዬ እከፍታለሁ? ልጄ ጎረቤት ናት። አሁን ትመጣለች።»

ስንዱ ሳህኑን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። አንጀቴን በላችው። ግድግዳው ጠፋ።

«በቃ ጋሼ» አለ መንክር። «ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው። ደራሲዋ ራሳቸው ተናገሩ። ምን ቀረ?»

«ግንድ አለ» አልኩት።

ግንድ ማለት እንዲህ ነው። አንድ አመሳካሪ በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዱን ነጥብ «ሌሎቹ ሁሉ የተንጠለጠሉበት ግንድ ይህ ነው» ማለት ይችላል። ያ ነጥብ ከጎደለ ቀሪው ሁሉ ቢሟላም ፊልሙ ልቅ ነው። ያ ነጥብ ካለ ቀሪው ቢጎድልም ታማኝ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ተጠቅሞበት የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

«እንዴ፣ ጋሼ ምን ነካዎት? ከማን ጋር ነው የሚጣሉት? ከደራሲዋ ጋር?» አለ መንክር። «አሥራ አንደኛ ፎቅ እኮ ነው! ፍየሏስ? ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ።»

«በምን ማስረጃ?»

«በወረቀት።»

«ወረቀት እኮ...»

«አይታረምም፤ አውቃለሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ እርግጠኛ ሆኜ አይደለም። አንድ ወር ሙሉ የራሴን ትዝታ ማመን አቅቶኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ምን አውቃለሁ ብዬ እምላለሁ? ግን ያቺ ሴት የራሷ እናት ቤት ውስጥ እንደ ሠራተኛ ሳህን ይዛ መቆሟ አልዋጥልህ አለኝ። ቅጹ ላይ «በሩ» ብዬ ጻፍኩ። ማኅተሙን ኮንዶሚኒየሙ ላይ መታሁት፦ ታማኝ። ወይራውን በር፣ ጉሙን፣ ያን ሁሉ ልፋት ልቅ አልኩት። 

መንክር እስከሚጣራ ዕረፍት ይውጡ አለኝ፤ ይህንንም ጋሼ ብሎ ነው ያለኝ። ማኅደሩ በሳምንቱ በማኅተሙ መሠረት ታረመ። ገጽ 203 ጠፋ፤ መጽሐፉ 188 ገጽ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ግን ከሁሉ በላይ ግራ አጋባኝ። ያቺን ነርስ ገበያ አገኘኋት፤ ከሩቅ እጇን ዘርግታ እየሳቀች መጣች።

«አየህ ወንድሜ! ትከፍታለች አላልኳችሁም? በዓይኔ በብረቱ ነው እኮ ያነበብኩት!»

«የለም፣ እርስዎ አትከፍትም ነበር ያሉት።»

«እኔ? ኧረ በእመብርሃን! አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ፤ እንዴት ይረሳኛል?»

 ቲማቲሜን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስንዱ ደወለች። «ናና እይልኝ፤ እኔ አልገባኝም» አለች። ጥሩ ይሁን መጥፎ ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። መጽሐፏንም መመለስ ነበረብኝና በማግሥቱ ጠዋት ተሳፈርኩ። ደብረ ሲና ስደርስ ጉም የለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቁልቁል አገር ምድሩ ይታያል። ምሳ አልቋል። ወይዘሮ አስካለ ግድግዳው ፊት ተቀምጠው ፊልሙ እያለቀ ነው።

ሲያልቅ ወንበራቸውን ወደ በሩ አላዞሩም። ዞረው ስንዱን አዩዋት።

«ሊፍቱ ተሠራ?» አሉ።

«ተሠርቷል፣ እማዬ።»

«ያን ሁሉ ደረጃ በእግርሽ ወጣሽ?»

«አሥራ አንድ ፎቅ።»

«ውይ፣ የኔ ልጅ!»

ስንዱ ወደ እኔ ዞር አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ቤታቸው ምድር ላይ ያለች ናት፤ ደረጃ የሚባል ነገር የላትም፤ ሊፍት በሰፈሩ ያለም አይመስለኝም። ግን «የኔ ልጅ» ተብላለች። 

እናትየዋ የስንዱን እጅ ያዙ። ገለበጡት። መዳፉን አዩ፣ ጥፍሮቹን አዩ፣ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት። ብዙ ቆዩ።

«ከፈትኩልሽ አይደል?»

«ከፈትሽልኝ።»

«ሦስተኛውን አልጠበቅሁም።»

«አልጠበቅሽም፣ እማዬ።»

«ለምን ሁለቴ ብቻ ጠራሽኝ?»

ስንዱ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔም ወለሉን አየሁ።

«ይሁን» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። «ማን እንደሆንሽ እስከዛሬ አላወቅሁም። ብዙ አየሁሽ፤ መለየት አቃተኝ። አንዴ ግን ገብተሻል። ራበሽ? ነይ ቁጭ በይ።» ከራሳቸው ሳህን ጠቅልለው አጎረሷት። ስንዱ እያለቀሰች ዋጠች። ሁለተኛውንም ጠቀለሉላት።

አሮጊቷ ሸለብ ሲያደርጋቸው ስንዱ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘችኝ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ለምን ሁለቴ ብቻ እንደጠራሁ ብትጠይቀኝ አላውቅም» አለች። «መጥራቴን አስታውሳለሁ። ጉሙን አስታውሳለሁ፤ ወንፊቱ እጄ ላይ ረጥቦ ነበር። በሩ ሲከፈትም አስታውሳለሁ። መግባቴን ግን አላስታውስም።»

«ሰባት ዓመትሽ ነበር እኮ።»

«ሌላውን ሁሉ እያስታወስኩ?» ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «ፊልሙ አይነግረኝም። በየቀኑ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ፣ ይነግረኝ ይሆን እያልኩ። መጽሐፉን ደግሞ ከ131 አልፌ አንብቤው አላውቅም፤ ፈርቼ። አንተ አንብበኸዋል። የገባችው ልጅ እሷ ናት?»

መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እሷ ናት» አልኳት።

«እንደዚያ ተብሎ ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

ትንፋሿን ለቀቀችው። ትከሻዋ ወረደ። «እሰይ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ወደ እናቷ ተመለሰች።

መኪናው ቶሎ አልመጣም። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ መጽሐፉን አወጣሁና ከ131 እስከ 188 እንደገና ገለጥኩት። «እሷ ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር የለውም። ልመልስላት ነበር የመጣሁት፤ ሳልሰጣት ይዤው አዲስ አበባ ገባሁ።